የጉበትን በሽታ ወንዝ ዳር የፈለጉት ሰው

ዛሬ ስለ አንድ ትልቅ ሰው ላወራችሁ ነው። ከዚያ በፊት ግን ወደ ልጅነቴ ወንዝ ልውሰዳችሁ።

እኔ ያደግኩት ጉንደ ወይን ነው። ቢቸናንና ደብረ ወርቅን አልፋችሁ ወደ ሞጣ ስትሄዱ መንገድ ላይ የምታገኟት ከተማ ናት። ልጅ ሳለን በዓል ሲቃረብ እናቶቻችን ጋቢውንና ነጠላውን ሰብስበው ወንዝ ይወርዱ ነበር። ሳሙና ገንዘብ ይጠይቃል፤ እንዶድ ግን አጥር ላይ ነው። ፍሬውን አድርቀውና ወቅጠው ውኃ ውስጥ ሲያሹት አረፋው ይነሳል፤ ሸማው ነጭ ሆኖ ይወጣል። የእኛ የልጆች ሥራ የታጠበውን ድንጋይ ላይ ማስጣት ነበር። ከማጠቢያው ዝቅ ብሎ ትንንሽ የውኃ ፍጥረታት ሞተው ሲንሳፈፉ አይተናል። እንዶዱ እንደገደላቸው ሁላችንም እናውቃለን። ከዚያ አልፎ የጠየቀ ግን አልነበረም።

አንድ ኢትዮጵያዊ ሳይንቲስት ግን ጠየቁ። ዶክተር አክሊሉ ለማ ይባላሉ።

ዶክተር አክሊሉ የተወለዱት በ1928 ዓ.ም. ነው። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ እንዳትምታቱ።) ወደ አሜሪካ ተሻግረው ተማሩ፤ ባልቲሞር በሚገኘው ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲም በ1964 ዶክትሬታቸውን ያዙ። የሚያጠኑት በሰው ሰውነት ውስጥ ገብተው በሽታ የሚያመጡ ጥገኛ ተውሳኮችን ነበር። እዚያው ቀርተው መኖር ይችሉ ነበር፤ እሳቸው ግን አገራቸው ገብተው ቢልሃርዚያ የተባለውን በሽታ ማጥናት ጀመሩ።

በዚያው በ1964 አድዋ ነበሩ። ሥራቸው በከተማዋ ጅረቶች ውስጥ የሚኖሩትን ቀንድ አውጣዎች መመርመር ነው። አንድ ቀን ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ከሌላው ቦታ በበለጠ ብዙ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አዩ። ሌላ ሰው ቢሆን አይቶ ያልፍ ነበር። እሳቸው ከአጣቢዎቹ የእንዶዱን አረፋ ተቀበሉና በሕይወት ያሉ ቀንድ አውጣዎች ባሉበት ዕቃ ውስጥ ጨመሩት። ቀንድ አውጣዎቹ ሞቱ።

ታዲያ ቀንድ አውጣ ሞተ አልሞተ ለኛ ምናችን ነው? ነገሩ እዚህ ላይ ነው።

ቢልሃርዚያ ስሙን ያገኘው በ1851 ካይሮ ውስጥ ትሉን ካገኘው ከጀርመናዊው ሐኪም ከቴዎዶር ቢልሃርዝ ነው። አብዛኛው የአገራችን ደጋማ ክፍል የሚያውቀው ዓይነት አንጀትንና ጉበትን የሚጎዳው ነው። አካሄዱ እንዲህ ነው፦ በሽታው ያለበት ሰው ወንዝ ዳር ሲጸዳዳ የትሉ እንቁላል ከሰገራው ጋር ውኃ ውስጥ ይገባል። እንቁላሉ ይፈለፈልና አንዲት ቀንድ አውጣ ፈልጎ ይገባባታል። በውስጧ ይባዛል፤ ከዚያ በሺዎች የሚቆጠሩ ዓይን የማያያቸው እጮች ሆኖ ተመልሶ ወደ ውኃው ይወጣል። እናንተ ለዋና፣ ለመስኖ ወይም ልብስ ለማጠብ ስትገቡ እጮቹ በደቂቃዎች ውስጥ ቆዳችሁን በስተው ይገባሉ። ውኃውን መጠጣት የለባችሁም፤ እግራችሁን መንከራችሁ ይበቃል።

ከገቡ በኋላ በደም ተጉዘው ጉበት ይደርሳሉ፤ እዚያ ያድጋሉ። ወንዱና ሴቷ ተጣምረው ወደ አንጀት ደም ሥር ይወርዱና ለዓመታት ይኖራሉ። ሴቷ በየቀኑ እስከ መቶዎች የሚደርስ እንቁላል ትጥላለች። ከፊሉ በሰገራ ይወጣል፤ ከፊሉ ደሙ ይዞት ተመልሶ ጉበት ውስጥ ይቀረቀራል። ሰውነት እያንዳንዱን እንቁላል እንደ ባዕድ ነገር ይከበዋል፤ በቦታውም ጠባሳ ይቀራል። ጠባሳው ሲበዛ ወደ ጉበት የሚገባው ደም መተላለፊያ ይጠበዋል። ጣፊያ ያብጣል፣ ሆድ ውኃ ይቋጥራል፣ የጉሮሮ ቧንቧ ደም ሥሮች ይወጠራሉ። አንድ ቀን ሲፈነዱ ሰውየው ደም ያስመልሳል።

ይህንን ሳነብ አንድ ጎረቤታችን ትዝ አለኝ። በየዓመቱ ለአጨዳ ቆላ ወርዶ የሚመለስ ብርቱ ሰው ነበር። ከጊዜ በኋላ እጅና እግሩ እየከሳ ሆዱ ብቻውን አበጠ። አንዱ ጣፊያ ነው አለ፣ ሌላው መድኃኒት ተደርጎበት ነው አለ። ጠበል ወሰዱት፤ ሥር ቀምሰው ሰጡት። በመጨረሻ ደም እያስመለሰ ሞተ። ቢልሃርዚያ ነበር ብዬ አልፈርድም። የጉበት ቫይረስም፣ የአረቄ ብዛትም እንደዚያ ያደርጋሉ። የሚቆጨኝ ማንም አለመመርመሩ ነው። የትኛው ውኃ ውስጥ እንደዋለ የጠየቀው እንኳን አልነበረም።

እኔን ግን ጠየቁኝ። ባሕር ዳር ተማሪ ሳለሁ ጣና ውስጥ መዋኘት ሱስ ሆኖብኝ ነበር። በኋላ ሆዴን ይቆርጠኝ፣ ሰገራዬም ላይ ደም አይ ጀመር። ጨጓራ ነው ብዬ ብዙ ወር ቆየሁ። በመጨረሻ የመረመረኝ ሐኪም ሐይቅ ወይም ወንዝ ውስጥ እዋኝ እንደሆነ ጠየቀኝና ሰገራዬን አስመረመረ። እንቁላሉ በማይክሮስኮፕ ታየ። ፕራዚኳንቴል የተባለውን ክኒን በክብደቴ ልክ አስልቶ ሰጠኝ፤ ዋጥኩት፤ ዳንኩ። አንድ ጥያቄና አንዲት ትንሽ የሰገራ ዕቃ ናቸው የለዩኝ። ጎረቤታችን ሁለቱንም አላገኘም።

ወደ ዶክተር አክሊሉ ልመለስ። የገባቸው ነገር ይህ ነው፦ ሐኪም ቤት ደርሶ የሚታየው የጉበት ጉዳት መነሻው ወንዙ ነው። ቀንድ አውጣዋ ከሰንሰለቱ ከወጣች ትሉ ወደ ሰው መሻገሪያ ያጣል። ቀንድ አውጣ የሚገድል የፋብሪካ ኬሚካል በጊዜው ነበር፤ ግን ውድ ነው፣ በውጭ ምንዛሬ ነው የሚገዛው። እንዶድ ግን ገበሬው አጥር ላይ ይበቅላል።

በ1966 በያኔው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትን መሠረቱ፤ የመጀመሪያው ዳይሬክተርም ሆኑ። ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ የተባሉ የግብርና ተመራማሪ አብረዋቸው ተሰለፉ። ዶክተር ለገሠ ከተለያየ ቦታ የእንዶድ ዝርያዎችን ሰብስበው አወዳደሩ። ፍሬው የሚበዛና ቀንድ አውጣ የመግደል ኃይሉ ከፍ ያለ ዝርያም መረጡ፤ ቁጥር 44 በሚል ይታወቃል። በአሜሪካ የስታንፎርድ የምርምር ተቋም ደግሞ ቀንድ አውጣውን የሚገድለውን ንጥረ ነገር ለይቶ አወጣ። ስሙንም በእሳቸው ስም ለማቶክሲን አሉት።

ትልቁ ፈተና አድዋ ላይ የተደረገው ነው። ከ1969 እስከ 1974 ለአምስት ዓመታት የከተማዋ ጅረቶች በእንዶድ ታከሙ። ከ1 እስከ 5 ዓመት ባሉ ሕፃናት ዘንድ በሽታው ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረደ። በአጠቃላይ በነዋሪው ደግሞ ከ63 ወደ 34 በመቶ ቀነሰ። የሕፃናቱን ቁጥር ልብ በሉት። ትልልቆቹ ትሉን ድሮ ተሸክመውታል፤ ለዓመታትም አብሯቸው ይኖራል። ሕፃናቱ ግን ገና ውኃ መንካት የጀመሩ ናቸው። በእነሱ ላይ ቁጥሩ ከወረደ አዲስ መያዝ ቀንሷል ማለት ነው።

ከዚህ በኋላ ዓለም እንዶድን የተቀበለ ይመስላችኋል? ምን ዋጋ አለው፣ አልተቀበለም። የዓለም ጤና ድርጅት የሚደግፈው በጀርመን ኩባንያ የሚመረተውን ኬሚካል ነበር። የእንዶድ ጥናት በበለጸጉት አገሮች ደንብ፣ እውቅና ባለው ላብራቶሪ፣ ከመርዛማነት ምርመራው ጀምሮ እንደገና ይሠራ ተባለ። እንዲህ ያለ ምርመራ የሚጠይቀው ገንዘብ ደግሞ ከኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አቅም በላይ ነበር። ዓመታት አለፉ። በመጨረሻ የካናዳ መንግሥት የልማት ምርምር ማዕከል ድጋፍ ሰጥቶ ምርመራው ተካሄደ። እስከዚያ ግን ከአድዋው ግኝት ወዲህ ወደ ሃያ አምስት ዓመት ተቆጥሯል። ዶክተር አክሊሉ ችግሩ የእንዶዱ ሳይሆን ከድሃ አገር የሚወጣን ሳይንስ ያለማመን ነው ብለው እስከ መጨረሻው ተከራክረዋል።

ፍትሐዊ ለመሆን፣ ጥያቄ መነሳቱ በራሱ ስህተት አልነበረም። እንዶድ ዓሣንም ይገድላል። በጥቂት ቀናት ውስጥ ኃይሉን ስለሚያጣ ውኃውን አይበክልም፤ በዚያው መጠን ግን ቀንድ አውጣዎቹ ተመልሰው ስለሚራቡ እየደጋገሙ መጨመር ያስፈልጋል። መመርመር ነበረበት። የሚያናድደው ምርመራው የሚጠየቀው ከእኛ፣ ገንዘቡ ያለው እነሱ ዘንድ መሆኑ ነው።

አንድ አስገራሚ ነገር ልጨምርላችሁ። በ1990ዎቹ መባቻ የሰሜን አሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች ባለ መስመር ዛጎል በለበሰች ትንሽ ፍጥረት ተወረሩ። ቧንቧ እየደፈነች ከተሞችን አስቸገረች። በኦሃዮ የሚገኘው የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ዶክተር አክሊሉን ጋብዟቸው ሳለ እንዶዱ ተሞከረባት፤ ሠራም። ዩኒቨርሲቲውም በዚሁ አጠቃቀም የፈጠራ ባለቤትነት መብት አስመዘገበ። የጉንደ ወይን እናት ሸማ የምታጥብበት ተክል የማን ነው የሚል ትልቅ ክርክርም አስነሳ።

ዶክተር አክሊሉ ኋላ ላይ በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ውስጥ አገልግለዋል፤ ጣሊያን ፍሎረንስ በሚገኘው የዩኒሴፍ የሕፃናት የምርምር ማዕከልም በምክትል ዳይሬክተርነት ሠርተዋል። በ1989 እሳቸውና ዶክተር ለገሠ አማራጭ ኖቤል እየተባለ የሚጠራውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት በጋራ ተቀበሉ። በ1997፣ በኛ መጋቢት 27 ቀን 1989 ዓ.ም.፣ በ61 ዓመታቸው አረፉ። የመሠረቱት ተቋም ዛሬ አክሊሉ ለማ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት ተብሎ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ሥራውን ቀጥሏል።

እንዶድስ? ሕልማቸው እንዳሰቡት አልሆነም። እሳቸው በሚከራከሩበት ዘመን ፕራዚኳንቴል መጣ፤ በአንድ ቀን የሚያድን፣ እየረከሰ የሄደ ክኒን ነው። ዓለም ወደ ክኒኑ ዞረ። ዛሬ በአገራችን በየትምህርት ቤቱ የሚታደለው እሱ ነው። ብዙ ሰው አድኗል፤ እኔንም ጨምሮ። ነገር ግን ክኒኑ ያለውን ትል ነው የሚገድለው፤ ነገ የሚገባውን አይከለክልም። ልጁ ክኒኑን ውጦ ከሰዓት በኋላ እዚያው ወንዝ ይገባል። በ2021 ብቻ በዓለም ላይ ከ251 ሚሊዮን በላይ ሰዎች የመከላከያ ሕክምናው ያስፈልጋቸው ነበር። ለዚህ ነው የዶክተር አክሊሉ ጥያቄ ያላረጀው። ወንዙ አሁንም እዚያው ነው።

ስለዚህ ወዳጆቼ፣ ስልካችሁን ከማስቀመጣችሁ በፊት አንድ ነገር አስቡ። ሐይቅ ትዋኛላችሁ? ለሥራ ቆላ ወርዳችሁ መስኖ ውስጥ ቆማችሁ ታውቃላችሁ? ከሆነ ሐኪም ስታዩ ሳትጠየቁም ተናገሩ። የሆድ ቁርጠቱን ሁሉ ጨጓራ አትበሉት። ሰገራ መመርመር ቀላል ነው፤ ከሽንት የሚታወቅ ምርመራም አለ። ጉበት ላይ ጠባሳ ተጠርጥሮ ከሆነ በአልትራሳውንድ ይታያል። አንድ ልብ የሚባል ነገር ግን አለ፦ በቢልሃርዚያ የተጎዳ ጉበት ደም መተላለፊያው እየጠበበም ሥራውን ለረጅም ጊዜ ሊቀጥል ስለሚችል፣ የተለመደው የጉበት የደም ምርመራ ደህና ሊመስል ይችላል። ደህና ነህ ስለተባላችሁ ብቻ ስለ ውኃው ሳትናገሩ አትውጡ። ደግሞ እንዶድ ለሆድ ትል ይሆናል ብላችሁ እንዳትጠጡ፤ መርዝ ነው፤ ሰው ይገድላል።

ባለፈው ፋሲካ ጉንደ ወይን ሄጄ ወንዙ ዳር ወርጄ ነበር። አሁን የሚታጠበው በዱቄት ሳሙና ነው። እንዶዱ ግን አጥሩ ላይ አለ። እናቴን ስለ ዶክተር አክሊሉ አጫወትኳት። አድዋ ድረስ ሄደው ይህን ማግኘታቸው ገረማት፤ እኛ ዘንድ ቢመጡ እሷም ታሳያቸው እንደነበር ነገረችኝ። እውነቷን ነው፤ ታሳያቸው ነበር።