አንቷን ዳባዲ፤ የማዕዘን ረድፎችና የአገር ካርታ

የቁጥር ስሌት ፕሮግራም የሚጽፍ ባለሙያ ብዙ ማትሪክሶችን በአንድነት ከማስላቱ በፊት የእያንዳንዱን ረድፍ ቁጥሮች ወደ አንድ የጋራ ልክ ያመጣቸዋል። በተለያየ መነሻና በተለያየ መስፈሪያ የተመዘገቡ ረድፎች እንዳሉ ቢደባለቁ ውጤቱ ከንቱ ይሆናልና። ይህን ሥራ ኮምፒውተር ከመታሰቡ በፊት በአገራችን ተራሮች ላይ በትጋት ከሠሩት አንዱ ሊቁ አንቷን ዳባዲ ናቸው።

ዳባዲ ከባስክ ተወላጅ አባትና ከአየርላንዳዊት እናት እ.ኤ.አ. በ1810 በደብሊን ከተማ ተወለዱ፤ ያደጉት ግን በፈረንሳይ ነው። በ1836 የምድርን መግነጢስ ለመመርመር ወደ ብራዚል ተጓዙ። በ1838 ከወንድማቸው ከአርኖ ጋር ምጽዋ ወርደው ወደ ደጋው ዘለቁ፤ እስከ 1848 ድረስም አገሩን ሲያጠኑ ቆዩ።

በዚያ ዘመን የመንገድ ርዝመት የሚነገረው በቀን ጉዞ ነበር። በ1841 በካፒቴን ሐሪስ የተመራው የእንግሊዝ መልእክተኛ ቡድን ከታጁራ ተነሥቶ የአፋርን ቆላ አቋርጦ የሸዋ የንግድ በር ወደ ነበረችው አሊዩ አምባ ሲደርስ፣ መንገዱ ለነጋዴው ሁሉ በቀን የተቆጠረ ነበር። ነገር ግን ግመል በቆላው ሜዳ የሚሄደው አንድ ቀንና ከአሊዩ አምባ ወደ አንኮበር ዳገቱን የሚወጣው መንገደኛ አንድ ቀን በርዝመት አይተካከሉም። ቁጥሩ አንድ፣ ልኩ ግን ሁለት ነው። ዳባዲም የነጋዴዎችን የጉዞ ዝርዝር በትጋት ቢሰበስቡም፣ የካርታቸውን መሠረት የጣሉት በማዕዘን ላይ ነው።

ዘዴያቸው እንዲህ ነበር። ከፍ ካለ ቦታ ላይ ቴዎዶላይታቸውን ተክለው አድማሱን በመዞር፣ የሚታየውን እያንዳንዱን ጫፍ አቅጣጫ ይመዘግባሉ። ጣቢያውን እንደ ረድፍ፣ ተራራውን እንደ ዓምድ ብንቆጥረው ሠንጠረዡ ማትሪክስ ይሆናል። የመሣሪያው ዜሮ በየጣቢያው በተለያየ አቅጣጫ ላይ ስለሚያርፍ፣ በፀሐይ ልኬት እውነተኛው ሰሜን ይታወቅና ያው የአንዱ ጣቢያ ልዩነት ከረድፉ ቁጥሮች ሁሉ ይቀነሳል። ከዚህ በኋላ ከሁለት ጣቢያዎች የታየ ጫፍ መስመሮቹ በሚገናኙበት ላይ ቦታውን ያገኛል፤ ሦስተኛው ረድፍ ደግሞ ምስክር ይሆናል።

እዚህ ላይ አንድ ባለሙያ እያንዳንዱን ረድፍ በድምሩ ወይም በትልቁ ቁጥሩ ቢያካፍል ኖሮ፣ ሠንጠረዡ ያማረ ይመስል ነበር፤ ማዕዘኖቹ ግን ይጠፉ ነበር። ማካፈል የሚያስፈልገው በሚቀጥለው ደረጃ ነው። የአንድ ደቂቃ የማዕዘን ስሕተት በ10 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ 3 ሜትር ያህል፣ በ100 ኪሎ ሜትር ላይ ግን 29 ሜትር ያህል ያዛባል። ስለዚህ በዛሬው አሠራር እያንዳንዱ የርቀት እኩልታ በሚጠበቅበት ስሕተት ይካፈላል። የረድፉን ልክ የሚወስነው ረድፉ እንዴት እንደ ተለካ ማወቅ እንጂ የቁጥሩ መልክ ብቻ አይደለም።

የተስተካከለ ረድፍም ያልተጠየቀውን አይመልስም። ዳባዲ በ1846 የጊቤን ምንጭ የነጭ ዓባይ ምንጭ ነው ብለው አመኑ፤ እንግሊዛዊው ቻርልስ ቢክም አጥብቀው ተቃወሟቸው። ጊቤ ግን ኦሞ ሆኖ ወደ ቱርካና ሐይቅ የሚገባ ነው። ወንዙ ከዚያ ወዲያ የት እንደሚወርድ ከማዕዘኖቻቸው ውስጥ የሚናገር አልነበረም።

ከአገራችን ከተመለሱ በኋላ በ1859 የ234 የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት ዝርዝር፣ ከ1860 እስከ 1873 ደግሞ በሮዶልፍ ራዶ ረዳትነት የኢትዮጵያን ጂኦዴሲ አሳተሙ። በዚህም ውጤቱን ብቻ ሳይሆን ልኬቶቹን ጭምር ስላወጡ፣ ስሌቱን ሌላ ሰው እንደገና ሊመረምረው ይችላል። በ1881 የአማርኛ መዝገበ ቃላታቸው ታተመ። በ1892 የፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ ፕሬዚዳንት ሆኑ፤ በ1897 በፓሪስ አረፉ። በአንዳይ ያሠሩት ቤተ መንግሥት የአማርኛ ጽሑፍ ያለበት ሲሆን፣ በውስጡ ያለው የከዋክብት መመልከቻ መሣሪያ ክበቡ በዐሥርዮሽ የተከፈለ ነው።

ከልዩ ልዩ መሥሪያ ቤቶች የሚመጡ ሠንጠረዦችን የሚያዋሕድ የማኅበራችን አባልም ከዚህ ሕይወት የሚወስደው ልማድ አለ። ይኸውም ከተስተካከለው ረድፍ ጎን የመጀመሪያውን ንባብና የተቀነሰውን ወይም ያካፈለውን ቁጥር አብሮ ማኖር ነው።