ሞተር ሳይቆም ዘይት እንዲያገኝ ዕድሜውን የሰጠው ኤላይጃ ማኮይ ማን ነበር?

ከአቡዳቢው ሚና ዛይድ ወደብ ተነስቶ ወደ ባህረ ሰላጤው የሚወጣ ጀልባ ሞተሩ ሲነሳ ዘይት በፒስተኑና በኩሺኔታዎቹ መካከል መዘዋወር ይጀምራል። ጀልባው ወደ ወደቡ ተመልሶ ሞተሩ እስኪጠፋም ዝውውሩ አይቋረጥም።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ግን ነገሩ እንዲህ አልነበረም። ባቡር በየተወሰነ ርቀቱ እየቆመ ሠራተኛው የዘይት ጣሳ ይዞ ይወርድ፣ ብረት ከብረት የሚፋተግበትን ቦታ ሁሉ እየዞረ ያጠጣ ነበር። በእንፋሎት መርከብ ሆድ ውስጥ ደግሞ ዘይት አጠጪው በሚወዛወዙ ብረቶች መካከል እጁን እየሰደደ ይሠራ ነበር።

ይህን ሥራ በገዛ እጁ የሠራ፣ በኋላም ማሽኑ ራሱ ዘይቱን እንዲቀዳ ለማድረግ ከአርባ ዓመታት በላይ የደከመ አንድ ጥቁር መሐንዲስ ነበር። ስሙ ኤላይጃ ማኮይ ይባላል።

ከባርነት ያመለጡ ወላጆች ልጅ

ማኮይ በፈረንጆቹ 1844 በካናዳ ኦንታሪዮ፣ ኮልቼስተር በተባለ ስፍራ ተወለደ። ወላጆቹ ጆርጅ እና ሚልድረድ ማኮይ በአሜሪካዋ ኬንታኪ ግዛት በባርነት ይኖሩ ነበር። ጥቁሮችን በድብቅ ወደ ነጻነት ያሻግር በነበረው የሰዎች መረብ እየታገዙ ድንበር ተሻግረው ካናዳ ገቡ። ካናዳ በወቅቱ በብሪታንያ ሥር ስትሆን፣ የብሪታንያ ግዛት ባርነትን የሚሽረው ሕግ በ1834 ሥራ ላይ ውሎ ነበር።

ብላቴናው ከልጅነቱ ጀምሮ ማሽን መፍታትና መግጠም ይወድ ነበር። ይሁንና አንድ ጥቁር ወጣት በሰሜን አሜሪካ የምህንድስና ትምህርት የሚያገኝበት ዕድል እጅግ ጠባብ በመሆኑ ወላጆቹ የ15 ዓመት ልጃቸውን በ1859 ባህር አሻግረው ወደ ስኮትላንድ ላኩት። ማኮይ በኤድንብራ ከተማ የሜካኒካል ምህንድስናን በትምህርትም በተለማማጅነትም ቀስሞ ተመለሰ።

ያ ዘመን ለማሽን ዘይትም የሽግግር ወቅት ነበር። እስከዚያ ድረስ ሞተሮች የሚቀቡት በሞራ፣ በዓሣ ነባሪ ዘይትና በዕጽዋት ዘይት ነበር። ከኤድንብራ በስተምዕራብ በምትገኘው ባትጌት ጄምስ ያንግ የተባለው ስኮትላንዳዊ ኬሚስት ከ1851 ጀምሮ ከድንጋይ ከሰል ዘይት ያወጣ ነበር። በአሜሪካ ፔንሲልቬንያ ደግሞ ማኮይ ወደ ስኮትላንድ በሄደበት በዚያው በ1859 ኤድዊን ድሬክ ያስቆፈረው ጉድጓድ ነዳጅ ሰጠ። የማዕድን ዘይት ከሞራ ቦታውን ሊነጥቅ ተቃርቦ ነበር።

መሐንዲሱ አካፋ ሲጨብጥ

ማኮይ ትምህርቱን ጨርሶ ሲመለስ ቤተሰቡ በአሜሪካ ሚሺጋን ግዛት ይፕሲላንቲ በተባለች ከተማ ሰፍሮ ነበር። ወጣቱ የመሐንዲስነት ሥራ ለማግኘት ቢሞክርም የቆዳው ቀለም በር ዘጋበት። ሚሺጋን ሴንትራል የተባለው የባቡር ኩባንያ የሰጠው ሥራ ከሰል ወደ ምድጃ መጨመርና ሞተሩን ዘይት ማጠጣት ነበር።

ሥራው ከችሎታው በታች ቢሆንም፣ የሞተሩን ችግር ከቅርብ የሚያይበት ቦታ ላይ አስቀመጠው። ባቡሩ ለምን በተደጋጋሚ እንደሚቆም፣ ዘይቱ የት ቶሎ እንደሚደርቅ፣ የትኛው ብረት ቀድሞ እንደሚግልና እንደሚበላ በየዕለቱ ያያል። ማሽኑን የነደፉት ሰዎች በቢሮ ተቀምጠው ያላዩትን እርሱ በጥላሸት ተሸፍኖ አየው። በቤቱ ባቋቋማት አነስተኛ የእጅ ሥራ ክፍል ውስጥም መፍትሔ ፍለጋ ጀመረ።

በ1872 ለእንፋሎት ሞተር የሚሆን የዘይት ማጠጫ የፈጠራ ባለቤትነት መብት አገኘ። አሠራሩን ለመረዳት አይከብድም። ከሲሊንደሩ በላይ ዘይት የያዘ ዕቃ ይገጠማል፤ ከሥሩ አነስተኛ ፒስተንና ቫልቭ አለ። የእንፋሎቱ ግፊት ፒስተኑን ሲገፋው ቫልቩ ይከፈትና ዘይቱ ወደ ሲሊንደሩ ይወርዳል። ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰው ኃይል ራሱ ዘይቱን ይቀዳል ማለት ነው።

በራሱ ዘይት የሚያጠጣ መሣሪያ በማሰብ ማኮይ የመጀመሪያው ሰው አልነበረም። እንግሊዛዊው ጆን ራምስቦተም በ1860 ሌላ ዓይነት ማጠጫ ሠርቶ ነበር። የማኮይ ልዩ ድርሻ ችግሩን አለመልቀቁ ነው። አንዱን ንድፍ ሠርቶ ጉድለቱን ያያል፤ በሚቀጥለው ያርመዋል፤ ደግሞ ሌላ ጉድለት ይፈልጋል። መሣሪያዎቹም ከባቡር አልፈው በእንፋሎት መርከቦች ላይ ተገጠሙ።

ትክክለኛው ዘይት፣ በልኩ፣ በሰዓቱ

በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ አዲስ ፈተና መጣ። የባቡር ሞተሮች ከቀድሞው እጅግ የጋለ እንፋሎት መጠቀም ሲጀምሩ የተለመደው ዘይት ሙቀቱን አልችል አለ፤ እየነደደ ጥላሸት ሆነ፤ ሲሊንደሩም በደረቁ መፋተግ ጀመረ። መፍትሔ ተደርጎ የታሰበው ሙቀት የማይበግረውን የግራፋይት ዱቄት ከዘይት ጋር መቀላቀል ነበር። ዱቄቱ ግን ቱቦ እየደፈነ አስቸገረ።

ማኮይ ሰባ ዓመት ባለፈው ዕድሜው ለዚህ መልስ ሰጠ። የግራፋይቱን ድብልቅ ሳይደፍን የሚያሳልፈው መሣሪያ በ1915 የባለቤትነት መብት ተሰጠው። ከሥራዎቹ ሁሉ የላቀ አድርጎ የሚቆጥረውም ይህንኑ ነበር።

የእንፋሎቱ ዘመን ቢያልፍም ማኮይ የታገለው ችግር ዛሬም በየጀልባው ሞተር ውስጥ አለ። የዘይት ተግባር በሁለት ብረቶች መካከል ቀጭን ንጣፍ ሆኖ እንዳይነካኩ ማድረግ ነው። ዘይቱ ከሚገባው በላይ ከቀጠነ በሙቀት ጊዜ ንጣፉ ይበጠሳል፤ ከሚገባው በላይ ከወፈረ ሞተሩ ሲነሳ በቶሎ ወደ ጠባቡ ቦታ አይደርስም። የአቡዳቢ በጋ ሙቀት ከ45 ዲግሪ ሴልሺየስ በሚያልፍበት ወቅት ይህ ምርጫ ይበልጥ ይከብዳል።

ባለ ሁለት ምት የጀልባ ሞተር ዘይቱን ከቤንዚን ጋር አብሮ ስለሚያነድ ለዚሁ የተዘጋጀውንና ቲሲ-ደብሊው3 የሚል ምልክት ያለበትን ዘይት ይፈልጋል። ባለ አራት ምቱ ደግሞ ዘይቱን በሆዱ ይዞ ስለሚያዘዋውር በባህር ላይ ሥራ የተፈተነውና ኤፍሲ-ደብሊው የሚል ምልክት ያለው ይመረጥለታል። ለመኪና ታስቦ የተሠራ ዘይት ለባህር ጨውና ለረጅም ሰዓት ከፍተኛ ጫና ሁልጊዜ አይመጥንም።

የማርሽ ዘይትም የራሱ ሥርዓት አለው። የማርሽ ጥርሶች እርስ በእርስ የሚጫኑበት ኃይል ብርቱ በመሆኑ አምራቹ ካልፈቀደ በቀር የሞተር ዘይት ምትክ ሊሆን አይችልም። ከማርሽ ቤቱ የሚወጣው ዘይት ወተት መስሎ ከታየ ማገጃ ጎማው ተበልቶ ውሃ ገብቷል ማለት ነው። ይህን አይቶ እንዳላየ የሚያልፍ ባለ ጀልባ ጥቂት ድርሃም አተርፋለሁ ብሎ ማርሹን በሙሉ ሊያጣ ይችላል። ከዚያም የከፋው ከየብስ ርቆ ሞተሩ ሲቆም ነው።

ስሙ የቀረለት፣ ሀብቱ ያልቀረለት

ማኮይ በሕይወት ዘመኑ 57 ያህል የፈጠራ መብቶች ያገኘ ሲሆን፣ አብዛኞቹ በማሽን ዘይት ላይ ያተኮሩ ነበሩ። የሚታጠፍ የልብስ መተኮሻ ሰሌዳና የጓሮ ሣር ማጠጫም ከሥራዎቹ መካከል ይቆጠራሉ።

ይሁን እንጂ መሣሪያዎቹን በብዛት ለማምረት የሚያስፈልገው ገንዘብ አልነበረውም። በመሆኑም ብዙዎቹን መብቶች ለባለሀብቶችና ለቀጣሪዎቹ አሳልፎ ሸጠ። ሌሎች በፈጠራው ሲበለጽጉ እርሱ ቀጣዩን ንድፍ ለመሥራት የሚበቃውን ብቻ ያገኝ ነበር። በስሙ የሚጠራ የራሱን ኩባንያ በዲትሮይት ያቋቋመው በ1920 ሲሆን፣ ዕድሜው ያኔ ከሰባ አምስት አልፏል።

በእንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ዘንድ አንድ ዕቃ ሐሰተኛ ያልሆነ ዋናው መሆኑን ለመግለጽ እውነተኛው ማኮይ የሚል አባባል አለ። የባቡር መሐንዲሶች የተኮረጀ ማጠጫ እንዳይሸጥላቸው የማኮይ መሆኑን ይጠይቁ ስለነበር አባባሉ ከዚያ መጣ የሚለው ትረካ በሰፊው ይወራል። ሆኖም ተቀራራቢው አነጋገር እርሱ ገና ልጅ ሳለ በ1856 በስኮትላንድ በጽሑፍ ላይ ተገኝቷል። የማኮይ ዝና የተመሠረተው በሥራው በመሆኑ አባባሉ ከሌላ ቢመጣም ከክብሩ የሚቀንስ ነገር የለም።

የመጨረሻዎቹ ዓመታት

ማኮይ የመጀመሪያ ሚስቱ በለጋ ዕድሜዋ ከሞተችበት በኋላ በ1873 ሜሪ ዲሌኒን አገባ። ሜሪ በዲትሮይት ለአረጋውያን ጥቁር ሴቶች መጠለያ ካቋቋሙት መካከል አንዷ ነበረች። በ1922 ባልና ሚስቱ የመኪና አደጋ ደረሰባቸው። ሜሪ ከአደጋው በኋላ ስትሞት ማኮይም ጤናውን መልሶ አላገኘም።

ለሌሎች አረጋውያን መጠለያ የደከመችው ሴት ባል የራሱን እርጅና የፈጸመው በሚሺጋን ኤሎይዝ በተባለ የድሆችና የሕሙማን መጦሪያ ውስጥ ነበር። እ.ኤ.አ ጥቅምት 10 ቀን 1929 በ85 ዓመቱ አረፈ።

በዚያው ወር የኒውዮርክ የአክሲዮን ገበያ ወደቀ። ቀውሱ ከጃፓን ሰው ሠራሽ ዕንቁ ጋር ተዳምሮ ሕይወታቸው በዕንቁ ለቀማ ላይ የተመሠረተውን የአቡዳቢ ጠላቂዎችንም ለችግር ዳረገ። የእነርሱ ጀልባዎች የሚንቀሳቀሱት በሸራና በመቅዘፊያ ሲሆን፣ የሚያውቁት ቅባትም ዕንጨቱን ከውሃ ለመጠበቅ የሚቀባውን የሻርክ ጉበት ዘይት ነበር። ከአቡዳቢ ወደ አል ዐይን የሚደረገው ጉዞም በግመል ቀናትን ይፈጅ ነበር።

ሞተር ወደነዚያ ጀልባዎች የገባው ከዚያ በኋላ ነው። በ1958 በአቡዳቢ የባህር ክልል ኡም ሸይፍ ነዳጅ ተገኘ፤ በ1962 ከዳስ ደሴት ወደ ውጭ መላክ ተጀመረ። በማኮይ ዘመን ሞተር ያልነበራት የባህር ዳርቻ የማሽን ዘይት የሚቀዳበት ምንጭ ባለቤት ሆነች።

ማኮይ በ2001 በአሜሪካ ብሔራዊ የፈጠራ ባለሙያዎች የክብር መዝገብ ላይ ሰፈረ። በ2012 ደግሞ የአሜሪካ የፈጠራ ባለቤትነት መሥሪያ ቤት ከዋሽንግተን አካባቢ ውጭ የመጀመሪያ ቅርንጫፉን በዲትሮይት ከፍቶ በእርሱ ስም ሰየመው። ቢሮው የተሰየመው፣ በአንድ ወቅት ለምህንድስና ሥራ አይሆንም ተብሎ ከሰል እንዲጨምር በተደረገው ሰው ስም ነው።