ቅዱስ ባስልዮስ በአቴና ተማሪ ቤት

ከመካከላችን አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሰው የዩኒቨርሲቲ ምርጫ የሚሞሉ አሉ። እኛም ከጥቂት ዓመታት በፊት ያንኑ ቅጽ ስንሞላ የመረጥነው በስም ነበር፤ ስሙ የገነነውን አንደኛ፣ ተከታዩን ሁለተኛ እያልን። ምን ፈልገን እንደምንሄድ የጠየቀን አልነበረም፤ እኛም ራሳችንን አልጠየቅንም። ስለዚህ ከዐሥራ አራቱ ቅዳሴያት አንዱ በስሙ የሚጠራለትን የቅዱስ ባስልዮስን ሕይወት በተማሪነቱ በኩል ልናየው ወደድን።

ባስልዮስ በ330 እ.ኤ.አ. ገደማ በዛሬዋ ቱርክ ምድር ከክርስቲያን ቤተ ሰብ ተወለደ። አባቱ በጰንጦስ የንግግር ጥበብ መምህር ነበርና ፊደልንም ንግግርንም በመጀመሪያ የተማረው ከእርሱ ነው። ከዚያ በቀጰዶቅያ ወዳለችው ቂሣርያ፣ ከቂሣርያም ወደ ቍስጥንጥንያ ሄደ። በቍስጥንጥንያ ሊባንዮስ ከሚባለው ዝነኛ አረማዊ መምህር ተምሯል ይባላል። የእኛ አገር የቆሎ ተማሪ ቅኔን ከአንዱ ደብር፣ ድጓን ከሌላው፣ አቋቋምን ደግሞ ከሌላው ፍለጋ እንደሚዞር ማለት ነው። የቆሎ ተማሪ የሚከተለው መምህሩን እንጂ ሕንፃውን አይደለም።

በዚያ ዘመን ጠበቃም፣ የመንግሥት ሹምም፣ መምህርም ሊሆን የሚሻ ሁሉ የንግግር ጥበብን መማር ነበረበት፤ በዚህ ትምህርት ደግሞ ከአቴና የበለጠ ስም ያላት ከተማ አልነበረችም። ባስልዮስም በ350 ገደማ ወደዚያ ተጓዘ።

አቴና ግን እንደ ዛሬው አንድ በርና አንድ መዝገብ ያለው ዩኒቨርሲቲ አልነበራትም። እያንዳንዱ መምህር የራሱ ተማሪዎች ነበሩት፤ ተማሪዎቹም ለመምህራቸው ወገን ይዘው ይደባደቡ ነበር። አዲስ መጪ ሲደርስ መንገድ ላይና ወደብ ላይ ጠብቀው ይዘው ይወስዱታል። ሊባንዮስ ራሱ በወጣትነቱ በ336 ወደ አቴና ሲገባ፣ የሌላ መምህር ተማሪዎች ይዘው ዘግተውበት፣ ከእነርሱ መምህር ዘንድ ለመማር እስኪምል ድረስ አልለቀቁትም። ምርጫውን ሌሎች መረጡለት ማለት ነው። (ጓደኞቻችን ሞሉት ብለን አንድ የትምህርት ክፍል የሞላን ሰዎች በሊባንዮስ ልንስቅ አይገባንም።)

አዲሱ ተማሪ ከተያዘ በኋላ መጀመሪያ በነገር ይፈተናል። ቀጥሎም ተማሪዎቹ ሁለት ሁለት ሆነው ተሰልፈው በገበያው መካከል ወደ መታጠቢያ ቤት ይወስዱታል። ከደጁ ሲደርሱ እየጮኹና እየዘለሉ በሩን ይደበድባሉ፤ እንዳይገባ የከለከሉት አስመስለው ያስደነግጡታል። ታጥቦ ሲወጣ ግን እንደ እኩያቸው ይቀበሉታል። ባስልዮስ ከዚህ ሁሉ ዳነ፤ ከእርሱ ቀድሞ በአቴና የነበረው ጎርጎርዮስ ዘእንዚናዙ ስለ ጭምትነቱ ለተማሪዎቹ ነግሮ እንዲተዉት አደረገ። ቀድሞ በቂሣርያ ይተዋወቁ ነበር፤ የጠበቀው ወዳጅነታቸው ግን ከዚህ ይጀምራል።

ሆኖም ከአርመንያ የመጡ ነባር ተማሪዎች በባስልዮስ ቀንተው በክርክር ሊያሳፍሩት ተነሡ። ጎርጎርዮስ መጀመሪያ የአቴና ክብር እንዳይነካ ብሎ እነርሱን አገዘ፤ ተንኰላቸውን ሲረዳ ግን ወደ ባስልዮስ ዞረ። ባስልዮስ ክርክሩን አሸነፈ፤ ልቡ ግን አዘነ። ይህን ያህል አገር አቋርጦ የመጣበት ከተማ ያሰበውን ሆኖ አላገኘውም። ጎርጎርዮስም የአንድ ቦታ ጥቅም በጥቂት ቀን እንደማይታወቅ እየነገረ አጽናናው።

አቴና መጥፎ ተማሪ ቤት ነበረች ማለታችን አይደለም። መምህራኑ ታላላቆች ነበሩ፤ ከእነርሱም ክርስቲያኑ ፕሮኤሬስዮስና አረማዊው ሂሜርዮስ እንዳስተማሩት ይነገራል። ባስልዮስ ከንግግር ሌላ ፍልስፍናን፣ ሥነ ፈለክን፣ ሒሳብን ተማረ፤ ሰውነቱ በሽተኛ ስለ ነበረም ሕክምናን ጨመረበት። ሁለቱ ጓደኛሞች አብረው እየኖሩ ከቤተ ክርስቲያንና ከመምህራን ቤት በቀር ሌላ መንገድ አልለመዱም። በ355 ኋላ ንጉሠ ነገሥት የሆነው ዑልያኖስ ከሃዲም በዚያው ከተማ ለጥቂት ወራት ተምሯል፤ በ362 ክርስቲያን መምህራን እንዳያስተምሩ የከለከለ እርሱ ነው። ያው ከተማ እርሱንም እነርሱንም አስተምሯል።

ባስልዮስ የፈለገውን እንዳገኘ በተረዳ ጊዜ፣ በ356 ገደማ፣ ወደ አገሩ ተመለሰ። ጓደኞቹ አልቅሰው ለመኑት፤ እርሱ ሄደ፤ ጎርጎርዮስ ግን ልመናው አሸንፎት ጥቂት ቆየ። ባስልዮስ በአገሩ ለአጭር ጊዜ የንግግር ጥበብ አስተማረ፤ በዚያን ጊዜ በዕውቀቱ እጅግ ታብዮ ነበር፤ ከዚህም የመለሰችው ታላቅ እኅቱ ማክሪና ናት። ከዚያ በኋላ ተጠምቆ፣ በግብጽ፣ በፍልስጥኤም፣ በሶርያና በመስጴጦምያ ያሉትን መነኮሳት ሊያይ ዞረ። ይህን ጉዞ እኛ እንደ ሌላ ተማሪ ቤት እንቈጥረዋለን፤ ለዚህኛው ግን ከስም ይልቅ የጐደለውን አውቆ ነው የሄደው።

በ369 ገደማ በቀጰዶቅያ ጽኑ ረኀብ በሆነ ጊዜ ባለጸጎችን ጎተራ አስከፈተ፤ በ370 የቂሣርያ ጳጳስ ሆነ፤ ከከተማዋም ውጭ ለድኆች፣ ለእንግዶችና ለለምጻሞች የሚሆን ሐኪሞች ያሉበት ታላቅ ቤት አሠራ። የአቴና ንግግርም ሕክምናም በዚህ ሥራ ላይ ዋሉ። ወጣቶች የአረማውያንን መጻሕፍት እንዴት እየለዩ ማንበብ እንደሚገባቸውም ጽፎላቸዋል።

በ379 ዐረፈ። ጎርጎርዮስ ጥቂት ዓመታት ቈይቶ በጻፈለት የመታሰቢያ ንግግር ስለ አቴና ረጅም ክፍል አለ፤ በዚያ ክፍል አብዝቶ የሚያነሣው መምህራኑን ሳይሆን፣ በመታጠቢያ ቤቱ ሰልፍ እንዳይዋረድ ያስተወለትን ጓደኛውን ነው።