ሁጎ ሙንስተርበርግ፦ የሠራተኛ ባሕርይና የሥራ አፈጻጸም ጥናት ፈር ቀዳጅ

ሁጎ ሙንስተርበርግ እ.ኤ.አ. በ1863 በዳንዚግ ከተማ ተወለደ። በላይፕሲሽ ዩኒቨርሲቲ በቪልሄልም ቩንት ሥር ሥነ ልቦናን አጥንቶ በ1885 የዶክትሬት ዲግሪውን አገኘ፤ በ1887 ደግሞ በሃይደልበርግ በሕክምና ተመረቀ። በ1892 በዊልያም ጄምስ ጋባዥነት ወደ አሜሪካ ተሻግሮ የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲን የሥነ ልቦና ቤተ ሙከራ መምራት ጀመረ።

በዘመኑ የሠራተኛ ምርጫ በአብዛኛው በግምት የሚካሄድ ሲሆን፣ የአፈጻጸም ድክመትም ለስንፍና ወይም ለቸልተኝነት ይሰጥ ነበር። ሙንስተርበርግ ግን የሠራተኛው የአእምሮ ባሕርይ ሥራው ከሚጠይቀው ጋር መጣጣሙን መመርመር ያዘ። የኤሌክትሪክ ትራም ነጂ አደጋን ለመከላከል የእግረኞችን፣ የፈረሶችንና የመኪኖችን እንቅስቃሴ በአንድ ጊዜ መገመት ስላለበት፣ የቦስተን ነጂዎችን ትኩረት የሚለካ ፈተና አዘጋጀ። የስልክ ኦፕሬተሮችን ሲፈትን ደግሞ ኩባንያው ልምድ ያላቸውን ሠራተኞች ሳያሳውቀው ከአዲሶቹ ጋር ቀላቀለ፤ በውጤቱም ነባሮቹ ከፊተኛው ረድፍ ተገኙ። ይህም ለፈተናው ተቀባይነት ማስረጃ ሆነ። እነዚህን ሙከራዎች በ1913 በእንግሊዝኛ ባሳተመው የኢንዱስትሪ ሥነ ልቦና መጽሐፉ አቀረበ።

ይሁን እንጂ ፈተናዎቹ በዋናነት ትኩረትን፣ ትውስታንና ፍጥነትን የሚለኩ ነበሩ፤ እንደ ታታሪነትና ስሜትን መግዛት ያሉ የስብዕና ባሕርያትን ከአፈጻጸም ጋር ማዛመድ የተከታዮቹ ድርሻ ሆነ። አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲፈነዳ ለጀርመን በመሟገቱ ብዙ ባልደረቦቹ ራቁት። ዲሴምበር 16 ቀን 1916 በራድክሊፍ ኮሌጅ በማስተማር ላይ ሳለ ወድቆ ሕይወቱ አለፈ። ሠራተኛውን ከመውቀስ አስቀድሞ የሰውና የሥራ መጣጣም ይመርመር የሚለው መርሁ ግን ዛሬም የዘርፉ መነሻ ነው።