ሪቻርድ ኩራንት፦ የግጭትና የፍንዳታን ስሌት መሠረት የጣለው ስደተኛ የሒሳብ ሊቅ

ነሐሴ 1 ቀን 1990 ዓ.ም. (በአውሮፓውያኑ 1998) በናይሮቢ የአሜሪካ ኤምባሲ ላይ በደረሰው የቦምብ ጥቃት ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ። ከኤምባሲው አጠገብ የነበረው ኡፉንዲ ሕንጻ ተደረመሰ። ከዋናው ፍንዳታ ጥቂት ቀደም ብሎ የተሰማው ድምፅ ምን እንደሆነ ለማየት ወደ መስኮት ከቀረቡት ብዙዎቹ፣ ተሰባብሮ በተወረወረ መስታወት ዐይናቸውን አጡ።

ዛሬ ከመሃል ከተማው በስተምዕራብ ባለው የኪሊማኒ ሰፈር ሰፊ ግቢ የነበራቸው ቤቶች እየፈረሱ፣ በመስታወት የተሸፈኑ ረጃጅም ሕንጻዎች እየተተኩ ነው። ያን የመሰለ የፍንዳታ ሞገድ ቢመታው አንድ መስታወት ወይም አንድ ምሰሶ ምን ይሆናል? ይህን ለማወቅ ዛሬ ሕንጻ ማፈንዳት አያስፈልግም። ፋይናይት ኤለመንት በሚባለው ዘዴ የሚሠራ ሶፍትዌር ሕንጻውን በሺዎች ወደሚቆጠሩ ትንንሽ ቁራጮች ከፍሎ የእያንዳንዱን እንቅስቃሴ ይከታተላል። ከዚህ ዘዴ መሠረት ጣዮች አንዱ ሪቻርድ ኩራንት ይባላል። ዋና ዋና ሐሳቦቹን የጻፈው ኤሌክትሮኒክ ኮምፒውተር ከመፈጠሩ በፊት ነበር።

ኩራንት በአውሮፓውያኑ 1888 ያኔ በጀርመን፣ ዛሬ በፖላንድ በምትገኘው ሉብሊኒትዝ ከአይሁድ ቤተሰብ ተወለደ። የቤተሰቡ ኑሮ በመቃወሱ ገና በ14 ዓመቱ ሌሎች ተማሪዎችን እያስጠና ራሱን መደጎም ጀመረ። በኋላም የዘመኑ የሒሳብ መዲና ወደነበረችው ጎቲንገን አቅንቶ የታላቁ ሊቅ የዳቪድ ሂልበርት ተማሪና ረዳት ሆነ፤ በ1910 የዶክትሬት ዲግሪውን ተቀበለ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ለጀርመን ዘምቶ ቆስሏል። በግንባር የተዘረጋ ሽቦ በመድፍ ሲበጣጠስ አይቶም መልእክት በአፈር ውስጥ የሚተላለፍበትን መሣሪያ ለመሥራት ደክሟል።

በ1928 ከቀድሞ ተማሪዎቹ ከኩርት ፍሬድሪክስና ከሃንስ ሌዊ ጋር ያሳተመው ጽሑፍ ዛሬም የግጭት ስሌት ሁሉ ሕግ ነው። ነገሩ ይህ ነው፦ እንቅስቃሴን በትንንሽ የጊዜ እርምጃዎች ከፍሎ የሚያሰላ ሰው፣ አንዱ እርምጃ ሞገዱ አንዲት ቁራጭ ለማቋረጥ ከሚፈጅበት ጊዜ እንዳይበልጥ መጠንቀቅ አለበት። ከበለጠ ስሌቱ በጥቂቱ ተሳስቶ አይቀርም፤ ቁጥሮቹ እያበጡ ሄደው ትርጉም ያጣሉ።

በቁጥር ስናየው፣ ድምፅ በብረት ውስጥ በሰከንድ 5 ሺህ ሜትር ገደማ ይጓዛል። አንድ መኪና በ5 ሚሊሜትር ቁራጮች ቢከፈል እያንዳንዱ የጊዜ እርምጃ ከሰከንድ አንድ ሚሊዮንኛ ሊበልጥ አይችልም። ግጭቱ የሰከንድ አንድ አሥረኛ ያህል ቢፈጅ፣ ስሌቱ 100 ሺህ እርምጃ ይጠይቃል ማለት ነው። በዐይን ጥቅሻ ያለቀ አደጋ ኮምፒውተርን ለሰዓታት የሚያደክመው ለዚህ ነው።

በ1929 በሮክፌለር ፋውንዴሽን ገንዘብ የጎቲንገን የሒሳብ ተቋም አዲስ ሕንጻ ተሠራ። ይህን ያስፈጸመው ኩራንት ነበር፤ ገንዘብ በማፈላለግ የሚስተካከለው የሒሳብ ሊቅ ጥቂት ነው። አራት ዓመት እንኳ ሳይሞላ ናዚዎች ሥልጣን ያዙና ከሥራው አገዱት። ለአገሩ መቁሰሉ አላዳነውም። ሌዊም በዚያው በ1933 ተሰደደ። ፍሬድሪክስ አይሁዳዊ አልነበረም፤ የወደዳት ሴት ግን አይሁዳዊት ነበረችና በ1937 እሱም አገሩን ጥሎ ወጣ። ያንን ጽሑፍ ከጻፉት ከሦስቱ አንድም ሰው በጀርመን አልቀረም። ለማምለጥ ያልታደሉም ነበሩ። ፈላስፋዋ ዘመዱ ኤዲት ሽታይን በ1942 በአውሽቪትዝ ተገደለች፤ የቀድሞ ሚስቱ፣ የሒሳብ ምሁሯ ኔሊ ኖይማንም በናዚዎች እጅ ጠፋች።

ኩራንት በካምብሪጅ አንድ ዓመት ቆይቶ በ1934 ኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ገባ። ዩኒቨርሲቲው ያኔ በሒሳብ ምርምር የሚጠቀስ ስም አልነበረውም። ስደተኛው ሌሎች ስደተኞችን እያሰባሰበ፣ በ1964 በስሙ የተሰየመውን ኩራንት ኢንስቲትዩት ከባዶ ገነባ።

በ1941 ባደረገውና በ1943 በታተመው ንግግር፣ መሃሉ ክፍት የሆነ ዘንግ ሲጠመዘዝ ያለውን ጥንካሬ ለማስላት ገጹን በሦስት ማዕዘኖች ከፋፈለ። በእያንዳንዱ ሦስት ማዕዘን ውስጥ ቀላል ግምት ወስዶ፣ ሁሉንም ጠርዝ ለጠርዝ አያያዘ። የፋይናይት ኤለመንት ፍሬ ነገር ይኸው ነው። ሆኖም ያን ሁሉ ቁጥር የሚደምር መሣሪያ በሌለበት ዘመን ልብ ያለው አልነበረም። መሐንዲሶች በሌላ መንገድ ተጉዘው በ1956 እዚያው ደረሱ፤ ስሙንም ሬይ ክላፍ በ1960 አወጣለት።

በጦርነቱ ዓመታት ከፍሬድሪክስ ጋር ያዘጋጀው፣ በ1948 በመጽሐፍ የወጣው ሥራ ደግሞ ከድምፅ ፈጥኖ የሚሮጥ የግፊት ሞገድ ግድግዳ ሲመታ ምን እንደሚሆን ያስረዳል። ሞገዱ ነጥሮ ሲመለስ ግድግዳው ላይ የሚያርፈው ግፊት መጀመሪያ ከመጣው ከእጥፍ በላይ ይሆናል። ከፍንዳታ ፊት ለፊት ያለ መስታወት እጅግ የሚጎዳውም ስለዚህ ነው።

ኩራንት በጥር 1972 በ84 ዓመቱ አረፈ። ከአራት ዓመት በኋላ ጆን ሃልኪስት በአሜሪካው ሎውረንስ ሊቨርሞር ቤተ ሙከራ፣ ከአውሮፕላን የተጣለ ቦምብ መሬት ሲመታ የሚደርስበትን ለማስላት ዳይና የተባለውን ፕሮግራም ጻፈ። መነሻው ጦር መሣሪያ ቢሆንም ዘሮቹ የመኪና ፋብሪካዎችን ሞልተዋል። ግድብ በመሬት መንቀጥቀጥ ሲናወጥ ከኋላው ያለው ውሃ የሚያሳርፍበት ጫናም በዚሁ ዘዴ ይሰላል። እንደ ኢትዮጵያና ኬንያ በስምጥ ሸለቆ ላይ ለተቀመጡ አገሮች ይህ ተራ ጉዳይ አይደለም።

የ1928ቱን ሕግ የሚሽር ኮምፒውተር ግን እስካሁን አልተሠራም። ስለዚህ መሐንዲሶች ትንንሾቹን ቁራጮች ከእውነተኛ ክብደታቸው በላይ አክብደው ያሰላሉ። ሞገዱ በከባድ ቁራጭ ውስጥ ስለሚዘገይ የጊዜው እርምጃ ይረዝማል፣ ስሌቱም ቶሎ ያልቃል። የተጨመረው ክብደት ከበዛ በስክሪኑ ላይ የሚታየው ግጭት ያማረ ሆኖ ሐሰት ይሆናል። ጠንቃቃ መርማሪ እንዲህ ያለ ሪፖርት ሲቀርብለት ከባለቀለሙ ምስል በፊት የሚፈልገው፣ ምን ያህል ክብደት እንደተጨመረ የሚናገረውን መስመር ነው።