የበርንሊው ሐኪም

ጠቅላላ ሐኪም ነኝ። ልቡ ቀጥ ብላ እንደገና መምታት እንደጀመረች እየነገረኝ፣ ደረቱን በእጁ ደግፎ የሚገባ ሰው በየሳምንቱ አይጠፋም። ያኔ ትዝ የሚለኝ ጄምስ ማኬንዚ ነው። ማኬንዚ በልብ ሕክምና ስሙ የገነነ ስኮትላንዳዊ ቢሆንም፣ ለዝና የበቃው በትልቅ ሆስፒታል ሳይሆን በአንድ የፋብሪካ ከተማ ተራ ሐኪም ሆኖ ነው።

በ1853 (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከገበሬ ቤተሰብ ተወለደ። በመጀመሪያ መድኃኒት ቤት በለማማጅነት ሠራ፤ ከዚያ ኤድንብራ ሕክምና አጥንቶ በ1878 ተመረቀ። በዓመቱ ጥጥ ወደሚፈተልባት የእንግሊዟ በርንሊ ሄደ፤ ሳል እያከመ፣ ልጅ እያዋለደ 28 ዓመት ኖረባት።

እዚያ የልብ ቫልቯ የጠበበ አንዲት ወጣት በምጥ ላይ እያለች ዐይኑ እያየ ሞተችበት። አደጋው አስቀድሞ ሊታወቅ ይችል ነበር ወይ? ጥያቄው አልለቀቀውም። መጻሕፍት ቢያገላብጥም መልስ አጣ። በዚያ ዘመን የልቡ ምት የተዛባ ሰው ሁሉ ብዙ ጊዜ እንደ በሽተኛ ይቆጠር ነበር።

ከአንድ ሰዓት ሠሪ ጋር ሆኖ የእጅንና የአንገትን የደም ሥር ትርታ ጎን ለጎን በቀለም የሚጽፍ ፖሊግራፍ የተባለ መሣሪያ ሠራ። መሣሪያው ዛሬ ሙዚየም ገብቷል፤ ቦታውንም ኢሲጂ ወስዶታል። እኔን የሚደንቀኝ ግን ትዕግሥቱ ነው። ያንኑ ታካሚ ዓመት አልፎ ዓመት ሲመጣ እያየ ይመዘግብ ነበር። የሆስፒታል ሐኪም ይህ ዕድል የለውም፤ ታካሚው ከአልጋው ከተነሳ በኋላ ምን እንደሆነ አያይም።

ዘለለች የምንላት፣ ከጊዜዋ ቀድማ የምትመጣ ምት ያለባቸው ብዙዎች ዓመታት ቢያልፉም ምንም አልሆኑም። ምንም ሥርዓት የሌለው ምት ግን ሌላ ነገር ሆኖ አገኘው። መጀመሪያ የልብ የላይኛው ክፍል ሽባ ሆኗል ብሎ ተሳስቶ ነበር፤ ክፍሉ የሚርገበገብ መሆኑን ቶማስ ሉዊስ በ1909 አሳየ። ዲጂታሊስ የእነዚህን ሰዎች የልብ ምት እንደሚያረጋጋ ማየቱ ግን ትክክል ነበር። ይህ ሕመም ደም አርግቶ ወደ አንጎል እንደሚልክ ዛሬ ስለምናውቅ ለብዙዎቹ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት እናዛለን።

ሥራ በጀመርኩ ሰሞን አንዱን ወጣት በማያሰጋ ምት አስፈራርቼ ኳስ አስተውኩት፤ እስካሁን ይቆጨኛል። አሁን አስቀድሜ ራሱን ስቶ ያውቅ እንደሆነ፣ ደረጃ ሲወጣ ደረቱን ያመው እንደሆነ፣ ከቤተሰቡ በወጣትነት ድንገት የሞተ ካለ እጠይቃለሁ፤ ኢሲጂም አነሳለሁ። አንዱ ካለ ወደ ልብ ሐኪም ይሄዳል፤ ከሌለ አረጋግቼ እሸኘዋለሁ፣ ግን ተመልሶ እንዲመጣ እቀጥረዋለሁ።

ማኬንዚ በ1907 ለንደን ገባ፤ በ1915 የሰርነት ማዕረግ አገኘ። በ1919 ደግሞ ያን ሁሉ ትቶ በስኮትላንዷ ሴንት አንድሩስ፣ የሰፈር ሐኪሞች የበሽታን ጅማሬ የሚያጠኑበት ተቋም ከፈተ። እሱን ራሱን የልብ ደም ቧንቧ ሕመም ያሠቃየው ነበር። በ1925 ሲሞት፣ አስቀድሞ ተናዞ ስለነበር ልቡ ተመረመረች።