ቴዎፍሎስ ዋልድማየር

ቴዎፍሎስ ዋልድማየር (እ.ኤ.አ. 1832–1915) የስዊዘርላንድ ተወላጅ ሚስዮናዊ ሲሆን፣ በደብረ ታቦር አቅራቢያ በምትገኘው ጋፋት ለአፄ ቴዎድሮስ መድፍ ከሠሩት አውሮፓውያን አንዱ ነበር። ኋላም በሊባኖስ ትምህርት ቤትና ሆስፒታል መሥርቷል።

ወደ ኢትዮጵያ መምጣቱ

በባዝል አጠገብ ባለው የቅዱስ ክሪስኮና ተቋም ተምሮ በ1858 እ.ኤ.አ. ወደ ኢትዮጵያ ተላከ። ተቋሙ የሚልካቸው ሰዎች ወንጌልን ከእጅ ሙያ ጋር ያጣመሩ ነበሩ። ዋልድማየር የሊቀ መኳስ ጆን ቤልን ልጅ ሱዛንን አገባ። በእናቷ ኢትዮጵያዊት ነበረች።

የጋፋት መድፎች

አፄ ቴዎድሮስ መድፍ እንዲሠሩላቸው ሲያዝዙ፣ ሚስዮናውያኑ ሙያውን አናውቅም ቢሉም ንጉሡ አልተቀበሏቸውም። ሥራውን ከዋልድማየር ጋር የያዙት ዛልሙለር፣ ቤንደር፣ ማየር፣ ኪንስለን፣ ፖላንዳዊው ሞሪትዝ ሆልና ፈረንሳዊው ጠመንጃ ሠሪ ቡርጎ ነበሩ፤ ኢትዮጵያውያን ሠራተኞችም አብረዋቸው ይማሩ ነበር። የመጀመሪያ ሙከራዎች ከሸፉ። ከብዙ ድካም በኋላ አንድ ትንሽ መድፍ ተሳካ።

ችግሩ የባሰው ግን ከዚህ በኋላ ነው። አንዱ እንደተሳካ ንጉሡ ከእሱ የሚበልጥ ያዝዛሉ። በመድፍ ሥራ ደግሞ መጠን መጨመር ብቻውን የሚመጣ ለውጥ አይደለም። ቅርጹ ሲተልቅ የሸክላው ቅርጽ ማውጫ እንደ አዲስ ይሠራል፤ በአንድ ጊዜ መቅለጥ ያለበት ነሐስ ስለሚበዛ ምድጃውም መለወጥ አለበት፤ ነሐሱ መሐል ላይ ካነሰ መድፉ ይበላሻል። ከዚያ ሠረገላው፣ ከሠረገላው ቀጥሎ መንገዱ ይመጣል። ዛሬ በፋብሪካ የንድፍ ለውጥ ሲጠየቅ በሌሎች ክፍሎች ላይ የሚያመጣው ጣጣ አስቀድሞ ይመረመራል፤ በጋፋት ግን የሚመረምረው በሥራው ላይ ያለው ሰው ራሱ ነበር፣ እንቢ የማለት መብት ሳይኖረው።

ንጉሡ የመሣሪያ እጥረቱን ተረድተው በ1866 እ.ኤ.አ. ፍላድን ወደ እንግሊዝ ላኩ። የተላኩት ባለሙያዎችና ማሽኖች ምጽዋ ደርሰው ነበር፤ ነገር ግን የታሰሩት አውሮፓውያን ባለመፈታታቸው ወደ ደብረ ታቦር ሳይወጡ ቀሩ። ስለዚህ በ1867 እ.ኤ.አ. የተሠራው ሴባስቶፖል የተቀለጠው በዚያው በጋፋት እቃ ነው። ክብደቱ 7 ቶን ያህል እንደሆነ ይገመታል።

ሠራዊቱ በ1860 ዓ.ም. ጥቅምት ወር መባቻ መድፎቹን እየጎተተ ወደ መቅደላ ተነሣ። መንገዱ ለዚህ ክብደት ያልተሠራ በመሆኑ ተራራው እየተቆፈረ፣ ገደሉ እየተደለደለ ስድስት ወር ገደማ ፈጀ፤ አፄ ቴዎድሮስም በገዛ እጃቸው ድንጋይ ያነሱ ነበር። ሚያዝያ 3 ቀን በአሮጌ ጦርነት ከትልልቆቹ መድፎች አንዱ ገና ሲተኮስ ፈነዳ። ከሦስት ቀን በኋላ ንጉሡ ራሳቸውን ሠዉ።

በሊባኖስ

ዋልድማየር ከቤተሰቡ ጋር ከእንግሊዝ ጦር ተከትሎ ወጣ። በ1873 እ.ኤ.አ. በብሩማና ትምህርት ቤት ከፈተ፤ በ1896 ደግሞ በአስፉሪያ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ለማቋቋም ሥራ ጀመረ። የሕይወት ታሪኩን በ1886 በለንደን አሳትሟል። በ1915 በሊባኖስ አረፈ።

ሴባስቶፖል እስከ ዛሬ መቅደላ ላይ ይገኛል፤ በአምሳሉ የተሠራው ደግሞ በአዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ ቆሟል።